ንጉሥህ የታለ? የፓቪያን አዛዦች አቀባብ

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ፣ ሦስት ወር ሙሉ የቀባኋቸውን የፈረንሳይ ጦር ትንንሽ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ከማዶ ያለው ተጋጣሚዬ ጡረታ የወጣ ጀርመናዊ አናጢ ነው። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገና «ንጉሥህ የታለ?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። «እሱ ነው እንዴ? እኔ ከወታደሮቹ አንዱ መስሎኝ» አለ። ኩም አልኩ። ለዚያ ንጉሥ ብቻ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ስለፋ ነበር። የቀበቶው ዘለበት እንኳ ሳይቀር ተቀብቷል። ከሁለት ክንድ ርቀት ሲታይ ግን አጠገቡ ካሉት ብረት ለበስ ፈረሰኞች በምንም አይለይም።

የበለጠ ያናደደኝ ሙያዬን ስለነካ ነው። አሁን አውግስበርግ፣ ደቡብ ጀርመን፣ ትራም እነዳለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ግን ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። የፀጉር ቤት፣ የፋርማሲ፣ የጎሚስታ ስም ቆርቆሮ ላይ ስጽፍ ነው ብሩሽ መያዝ የለመድኩት። ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ፊደል ሳቆነጅ ባየኝ ቁጥር «ታክሲ ውስጥ ላለ ሰው ነው የምትጽፈው!» እያለ ይጮህብኝ ነበር። ያንን ትምህርት ይዤ ጀርመን ድረስ መጣሁና አውራ ጣት በምታህል ንጉሥ ላይ ረሳሁት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች አሉ። የተለመደው መጠን 28 ሚሊሜትር ነው። አጣብቃችሁ፣ ቀብታችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ በሜትርና በዳይስ አንድ ታሪካዊ ጦርነት ታዋጋላችሁ። የእኔ ዘመን 16ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ፈረንሳይና ስፔን ጣሊያን ላይ የተናከሱበት። ከዚያም ውስጥ ሰሜን ጣሊያን ያለችው የፓቪያ ከተማ ጦርነት። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 1525። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ሳያውቁ አዛዥ መቀባት አይቻልም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ከ1524 መጸው ጀምሮ ፓቪያን ከብቦ ተቀምጧል። ከከተማዋ በስተሰሜን በግንብ የታጠረ ሰፊ የአደን ጫካ አለ። የስፔን ንጉሥም የጀርመን ንጉሠ ነገሥትም የነበረው የአምስተኛው ካርል ጦር ሌሊት ግንቡን አፍርሶ ገባ። በጨለማ እርስ በርስ እንዳይተላለቁ ከጥሩራቸው በላይ ነጭ ሸሚዝ ደርበው ነበር። ጎህ ሲቀድ ንጉሡ ፈረሰኞቹን ይዞ ራሱ ወረረ። ወረራውም በገዛ መድፎቹ ፊት ስለነበር መድፈኞቹ መተኮስ አልቻሉም። የስፔን ነፍጠኞች ከዛፍ ጥግ ሆነው ፈረሰኛውን ለቀሙት። የንጉሡ ፈረስ ተመታ፣ እሱ ወደቀ፣ ተማረከ። ማድሪድ ወስደው አሰሩት። ካርል ጣሊያን ውስጥ አልነበረም እንጂ ያ ቀን 25ኛ የልደት ቀኑ ነበር።

ለቀቢ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍራንሷ በዚያ ቀን ከጥሩሩ በላይ የብር ግምጃ ደርቦ፣ ራስ ቁሩ ላይ ትልልቅ ላባ ሰክቶ ነበር ይባላል። እንዲታይ ነው የለበሰው። ታየም። እኔ ደግሞ ያንን ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ እንዳይታይ አድርጌ ቀባሁት።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው፤ አዛዡን ከመንካታችሁ በፊት አጠገቡ የሚቆሙትን ቀቡ። ቢያንስ አምስት ስድስቱን። ከዚያ ወንበር ላይ ተደግፋችሁ ሁለት ክንድ ያህል ራቁና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩአቸው። ምን ቀለም ይታያችኋል? አዛዡ ያንን ቀለም እንዳይሆን። የፈረንሳይ ፈረሰኞች ከሩቅ ጥቁር ግራጫ ናቸው፣ ብረት በብረት። ንጉሡ መሐላቸው ነጭ መሆን አለበት። የጀርመን ቅጥረኞች፣ ላንድስክኔኽት የሚባሉት፣ በተቃራኒው የበቀቀን መንጋ ይመስላሉ። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ እግር ሰማያዊ ሌላው ባለ መስመር። እዚያ መሐል አለቃቸውን ይበልጥ ብታሸበርቁት ይጠፋል። ጥቁር ጥሩር አልብሱትና አንዲት ቀይ መቀነት ስጡት። ወዲያው ትለዩታላችሁ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው።

የብረት ምስል ሲመጣ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቀጭን መስመር ገላው ላይ ይኖራል። በትንሽ ሞረድና በስለት አንሱት። ፈረሱ ላይ በጀርባና በሆድ በኩል ፈልጉ፤ እዚያ ይደበቃል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በላርጎ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙ ሲላጥ ያየዋል። ፈረሰኛውን ፈረሱ ላይ አታጣብቁት፤ ለየብቻ ቀብታችሁ በኋላ ታገናኛላችሁ። ሁለቱንም በየቆርኪው ላይ በትንሽ ማስቲካ ለጊዜው አቁሟቸው። ስትቀቡ የምትይዙት ቆርኪውን ነው፣ ምስሉን አይደለም።

መነሻ ቀለም፣ እኛ ታፔላ ቤት አንቲረስት የምንለውን ዓይነት፣ እዚህ በስፕሬይ ይሸጣል። እኔ ሁሉንም ጥቁር እነፋለሁ፤ ከዚያ ከላይ ብቻ፣ ፀሐይ ከምትመጣበት አቅጣጫ፣ ስስ ነጭ ጣል አደርጋለሁ። ጥላውና ብርሃኑ የት እንዳለ ምስሉ ራሱ ይነግራችኋል። ደረቅ ቀን ምረጡ። ለምን እንደሆነ በኋላ አወራለሁ፤ ቁስሉ ገና አልሻረም።

ቀለሙ አክሪሊክ ነው። እኔ የስፔኑን ቫሌሆ እወዳለሁ፤ ጠብታ በጠብታ ስለሚወጣ አይባክንም። ማቅለሚያ ሳህን አትግዙ። ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አንጥፉ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት። ቀለማችሁ ሳይደርቅ ሁለት ቀን ያድራል። ብሩሽ ላይ ደግሞ ሁሉም ጀማሪ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል፤ ሥራው ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ብሩሽ ይገዛል። ትንሽ ብሩሽ የሚይዘው ቀለም ጠብታ ስለማይሞላ ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ጫፏ የሰላ ቁጥር 1 ብሩሽ ትበቃችኋለች። ለጥሩ ብሩሽ ገንዘብ አውጡ፣ በሌላው ቆጥቡ።

ጥሩሩን እንጀምር። ጥቁሩ መነሻ ላይ ጠቆር ያለ የብረት ቀለም ቀቡ፤ መገጣጠሚያዎቹን ግን አትንኩ። ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ ትከሻው የሚገናኝበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቅር። ከዚያ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም፣ ዎሽ የሚባለውን፣ አፍስሱበትና ወደ ስንጥቁ ይውረድ። ሲደርቅ ደመቅ ያለ ብር ቀለም ይዛችሁ ወደ ላይ የሚያዩትን ቦታዎች ብቻ፦ የቁሩ አናት፣ ትከሻ፣ የጉልበት ቆብ። በመጨረሻ በብሩሹ ጫፍ ሳይሆን በጎኑ ጠርዙን ዳበስ አድርጉት። የብሩሽ ጎን ጠርዝን ራሱ ያገኘዋል፣ እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም። ወርቅ የተቀባ ጌጥ ካለ ከሥሩ ቡኒ ቀቡ። የወርቅ ቀለም ስስ ነው፣ ያለ ቡኒ ሥር ሰናፍጭ የፈሰሰበት ይመስላል።

የብር ግምጃው የሥራው ልብ ነው። መጀመሪያ ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር፤ ብር ስለተባለ የብር ቀለም ቀባሁት። ጥሩሩም ብር፣ ልብሱም ብር፣ ንጉሡ ማንኪያ መሰለ። ግምጃ ጨርቅ ነው። መቀባት ያለበት እንደ ነጭ ጨርቅ ነው።

ነጭ ጨርቅ ምን እንደሚመስል ደግሞ እኛን የሚያስተምረን የለም። የእናቴ ነጠላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ትዝ ይለኛል። ፀሐይ የመታው በኩል ዓይን ይወጋል። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ግን ነጭ አልነበረም፤ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ነበር። ግምጃውን እንደዚያ ነው የምትቀቡት። መጀመሪያ ጠቅላላውን በመካከለኛ ግራጫ፣ ጠብታ ሰማያዊ ቀላቅላችሁ። ሁለተኛ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ እጥፋቱ ውስጥ ሳትገቡ። ሦስተኛ ነጭ ሊሆን የቀረው። ጥርት ያለውን ነጭ ለትከሻና ለእጥፋት ጫፍ ብቻ አስቀምጡት፣ አራት አምስት ቦታ ቢሆን ነው። ሁሉን ነጭ ካደረጋችሁ ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ትንሽ የብር ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ ከፍ ባሉት እጥፋቶች ላይ ብቻ ጫር ጫር አድርጉ። አምፖል ሥር ስታዞሩት ብልጭ ይላል፣ ስታቆሙት ጨርቅ ነው።

ለፈረሱ ልብስ እኔ ሰማያዊ ከወርቅ ሊሊ አበባ ጋር መርጫለሁ። ንጉሡ በዚያ ጠዋት ፈረሱን ምን እንዳለበሰ ልማልላችሁ አልችልም፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው። ሰማያዊ ላይ ሦስት ወርቃማ ሊሊ የፈረንሳይ ነገሥታት አርማ ስለሆነ ከማዶ ያለው ሰው ያለ ጥያቄ ያውቀዋል። ዋናው ሐሳብ እሱ ነው።

አንዷ አበባ የስንዴ ቅንጣት ታህላለች። መጀመሪያ በሰላ እርሳስ ነጥብ ነጥብ አድርጉ፣ በተራ ሳይሆን እንደ ጡብ አቀማመጥ እያሳለፋችሁ። ቀለሙ እንደ ወተት ይቅጠን። የመጀመሪያው ጭረት ከላይ ወደ ታች፣ ሲጀምር ቀጭን፣ መሐሉ ላይ ጫን፣ ሲጨርስ ቀጭን፤ ልክ የገብስ ፍሬ። ሁለተኛው ከግራ፣ የነጠላ ሰረዝ ቅርጽ ይዞ ወደ ውጭ የሚታጠፍ። ሦስተኛው ያው ከቀኝ። አራተኛው ወገቧ ላይ አጭር አግድም መስመር። አለቀ። መጀመሪያ ሁሉንም በጥቁር ቢጫ ሥሩ፤ ከዚያ ላይኛውን ግማሽ ብቻ በፈካ ቢጫ ድገሙ። የወርቅ ቀለም አያስፈልግም፣ ትንሽ ቦታ ላይ ይጠፋል።

እጅ እንዳይንቀጠቀጥ የታፔላ ጸሐፊ መላ አለ። የቀኝ እጃችሁን ትንሿን ጣት የግራ እጃችሁ አውራ ጣት ላይ አስደግፉ፤ ሁለቱንም ክርኖች ጠረጴዛው ላይ። ትንፋሽ አስወጡና ከሚቀጥለው ትንፋሽ በፊት ጭረቱን ጨርሱ። እኔ የመጀመሪያውን የፈረስ ልብስ 43 አበባ አደረግሁበት። ሃያኛው ላይ ስልክ ተደወለ፤ ሃያ አንደኛው እስካሁን አይጥ ይመስላል። ከሁለት ክንድ አይታይም። እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።

ፈረሱን ራሱን አምባላይ አታድርጉት፣ ከጌታው ጋር ይወዳደራል። ዳማ ይሁን። ቀይ ቡኒ መነሻ፣ ጥቁር ጋማና ጅራት፣ አፍንጫው አካባቢ ጠቆር። ግንባሩ ላይ ነጭ ከጣላችሁለት ቦራ ይሆናል፣ ያምራልም። ልጓሙን በጣም ጥቁር ቡኒ ቀብታችሁ እለፉ።

ፊት ላይ ብዙ ሰው ይሸበራል። ሥሩ ቀይ ቡኒ፣ ከዚያ የቆዳው ቀለም፣ ከዚያ ፈካ ያለው አፍንጫ፣ ጉንጭና አገጭ ላይ። ወሩ የካቲት ስለሆነ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ስስ ቀይ አሳርፉ፤ በርዷቸዋል። የፍራንሷ አፍንጫ ረጅም ነው፣ አትፍሩ፣ በላዩ ላይ አንድ የፈካ መስመር ሳቡበት። ጢሙ ቡኒ ነው። ጢም ያሳደገበትም ምክንያት አለው። በ1521 በዓል ላይ ከባልንጀሮቹ ጋር የቀልድ ጦርነት ሲጫወት የሚነድ ግንድ ከመስኮት ተወርውሮ ራሱን ፈነከተው። ፀጉሩን ሊያክሙት ቆረጡት፤ ጢም ያሳደገው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ዓይን ላይ እኔ የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። ያደግኩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ ነው። እዚያ ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ ወደ እኛ አዙረው በሁለት ትልልቅ ዓይን ያዩናል፤ ክፉው በጎን ይሳላል፣ በአንድ ዓይን። እጄ ያንን ለምዷል መሰለኝ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ምስሎቼ ሁሉ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆኑብኝ። ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ፣ የተገረሙ። የጀርመኖቹ አለቃ በስሙ ጌዮርግ ነው፣ ጊዮርጊስ ማለት ነው፤ ይሁንና 12,000 ቅጥረኛ የሚያዝ ሰው ያን ያህል መገረም የለበትም። መላው ይኸውና፦ ዓይኑ ቦታ ላይ አንድ አግድም ጥቁር ቡኒ መስመር። በውስጡ ሁለት ፈዛዛ ነጥቦች፣ ንጹሕ ነጭ ያልሆኑ። መሐላቸው አንድ ቁመታዊ ጥቁር ጭረት። ጭረቱ የላይኛውንም የታችኛውንም ጠርዝ ይንካ፤ ካልነካ ይፈጥጣል። ቁሩ ዓይኑን ካጠላበት ደግሞ ዓይን ጭራሽ አትቀቡ። ጥላ ይበቃል።

አሁን ወደ ጌዮርግ ፎን ፍሩንድስቤርግ። የተወለደውም የሞተውም ሚንደልሃይም ነው፣ ከምኖርበት ከተማ ብዙ አይርቅም። በየሦስት ዓመቱ በስሙ ትልቅ በዓል ያከብሩለታል። በፓቪያ ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ ደልደል ያለ ሰው ነበር። ስለዚህ ጢሙን ግራጫ አድርጉ፣ ጥሩሩን ጥቁር፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ በብረት ቀለም። በደረቱ ላይ አሻግራችሁ ቀይ መቀነት። ቀይ የካርል ጦር መለያ ነበር፤ ፈረንሳዮቹ ነጭ መስቀል ያደርጉ ነበር። ቀዩን ደማቅ አድርጉት እንጂ በነጭ አታፍኩት፣ ሮዝ ይሆናል። በብርቱካን አፍኩት።

አጠገቡ ከበሮ መቺና ባንዲራ ያዥ አቁሙለት። እነዚህ ላይ ተጫወቱ። የላንድስክኔኽት ልብስ እጅጌውም ሱሪውም የተተለተለ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ሌላ ቀለም ያለው ገበር ተነፍቶ ይወጣል። ብዙ ሰው ላዩን ቀብቶ ገበሩን በኋላ ሊጨምር ይሞክራል። ተገላቢጦሽ አድርጉት። መጀመሪያ እጅጌውን በሙሉ በገበሩ ቀለም፣ ለምሳሌ በቢጫ። ከዚያ በቀጭን ጥቁር ቡኒ ዎሽ። ከዚያ የላዩን ጨርቅ፣ ለምሳሌ ሰማያዊ፣ ትልትሉን ብቻ እየተከተላችሁ። በሁለቱ መካከል ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ትቅር። ያቺ መስመር ናት ሥራውን የምትሠራው። በልብሱ አትቆጥቡ፤ የተራው ወታደር ደመወዝ በወር 4 ጉልደን ነበር፣ የሚያገኘውን ገላው ላይ ነው የሚጨርሰው።

ለባንዲራና ለልብስ ቀለም መነሻ የምትፈልጉ ኔፕልስ በካፖዲሞንቴ ሙዚየም ያሉትን ሰባት የፓቪያ የግድግዳ ምንጣፎች ፎቶ ፈልጉ። በርናርድ ፋን ኦርሌይ የነደፋቸው፣ ብራስልስ የተሸመኑ፣ ጦርነቱ ካለፈ ጥቂት ዓመት ብቻ ቆይቶ ነው። እኔ ስልኬ ላይ አጉልቼ የአንዱን ከበሮ መቺ ካልሲ ስቆጥር ትራም ማቆሚያ ላይ ሁለት ደቂቃ አሳልፌያለሁ። ለአለቃዬ አትንገሩብኝ።

አሁን ወደ ቁስሉ። ምስሉ ሲያልቅ በቫርኒሽ ይሸፈናል፣ በእጅ ሲነካካ እንዳይላጥ። አንድ የኅዳር ማታ፣ ጭጋግ እንደ ቡልኮ በተጋደመበት፣ ፍሩንድስቤርግን ከነአጃቢዎቹ በረንዳ ላይ አውጥቼ ስፕሬይ ቫርኒሽ ነፋሁባቸው። ጠዋት ስነሳ ሁሉም አመድ ለብሰዋል። ጥቁሩ ጥሩር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። እርጥበት ያለው አየር ከስፕሬይ ጋር ሲገናኝ እንደዚያ ያደርጋል፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቫርኒሹ አልነበረም። አልቅሼ ልጥላቸው ነበር። የዳነው እንዲህ ነው፦ የሚያብረቀርቀውን ዓይነት ቫርኒሽ በብሩሽ ደረብኩበት። አመዱ ቀስ እያለ ጠፋ፣ ቀለሙ ተመለሰ። ሲደርቅ የማያብረቀርቀውን በብሩሽ ደረብኩ፤ ጥሩሩን ግን ሳልነካ፣ ብረት ቢያብረቀርቅ ያምርበታል። ከዚያ ወዲህ ስፕሬይ ቫርኒሽ ቤቴ አይገባም።

መቆሚያውን ለአዛዦች ሰፋ አድርጉ። እኔ 60 ሚሊሜትር ክብ እጠቀማለሁ፤ የተራ ወታደሩ አራት ማዕዘን ስለሆነ ክቡ ብቻውን ይናገራል። ነጭ ኮላ፣ አሸዋ፣ ቡኒ ቀለም፣ የደረቀ ሣር። ደርቆ የተፈጨ የሻይ ቅጠል የወደቀ ቅጠል ይሆናል። ለፍሩንድስቤርግ ቡሽ በትንሽ በትንሹ ቆርጬ የፈረሰ ግንብ ጡብ አደረግሁለት። ሌላ ምስጢር የለውም። የመቆሚያው ጠርዝ ላይ ስም አትጻፉ። ስም ካስፈለገው አልታየም ማለት ነው።

የስፔኖቹን አለቃ የፔስካራውን መስፍን የምትቀቡ ሰዎች አንድ ችግር ይገጥማችኋል። ነጭ ሸሚዙን ለወታደሮቹ ካለበሳችሁ ጦሩ ሁሉ ነጭ ነው። የንጉሡ መላ እዚህ አይሠራም። ያው ሕግ ግን ይሠራል፤ ነጭ መሐል ጥቁር።

ይህን ያነሳሁት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሥራ ያንኑ ጥያቄ ስለሚጠይቅ ነው። ከፓቪያ 16 ዓመት በኋላ፣ በ1541፣ የቫስኮ ደ ጋማ ልጅ ክርስቶቮ 400 ፖርቱጋላዊ ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋ ወጣ። ነፍጡ፣ ጥሩሩ፣ ቁሩ የፓቪያው ዘመን ነው፤ ለእሱ የሚሆን ምስል ከማንኛውም የዘመኑ ሳጥን ይወጣል። ከተቀናቃኛቸው ከኢማም አሕመድ ጋር አዋግቼ ለመጫወት ሁለቱንም ጦር እየሠራሁ ነው። ችግሩ ከደብረ ዳሞ ወርደው የተቀላቀሏቸው እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናቸው። በበቅሎ ላይ ያሉ እቴጌ የሚሸጥ አላገኘሁም። ስለዚህ ፈረሱን በቅሎ አደረግሁት፤ ጆሮውን ሲደርቅ በሚጠነክር አረንጓዴ የሙጫ ጭቃ አስረዘምኩ፣ ጋማውን ሞርጄ አሳጠርኩ።

አጃቢዎቻቸውን ሸማ አልብሼ ቀብቻለሁ። ሁሉም ነጭ። እሳቸውንም ነጭ ላደርጋቸው ነበር፣ እጄ ስለለመደ። አብሮ የዘመተ አንድ ፖርቱጋላዊ የጻፈውን ሳይ ግን ከውስጥ ስስ ነጭ የህንድ ጨርቅ፣ ከላይ ጥቁር የሳቲን ካባ፣ አበባና ዘርፉ በወርቅ። የእቴጌይቱ አልባሾች ከእኔ ቀድመው አስበውታል።

ካባውን ከሶፍት ነው የምሠራው። አንዱን ስስ ሽፋን ለይታችሁ የጣት ጥፍር ስፋት ያህል ቁረጡ። ነጭ ኮላ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ ንከሩት። በወረንጦ አንስታችሁ ትከሻ ላይ ጣሉት፣ በእርጥብ ብሩሽ ወደ ታች እየገፋችሁ እጥፋት አብጁለት። ስቴኪኒ ለጥልቁ እጥፋት ይረዳል። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡና እስኪነጋ አትንኩት። ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፣ ጥቁር ይቀባል፣ ጠርዙ በሰማያዊ ግራጫ ብቻ ይፈካል። ሳቲን ስለሆነ መስመሩ ጠባብና ስል ይሁን። ወርቅ አበባው ያው አራት ጭረት ነው። ስልኬን አጥፍቼ እቀመጣለሁ።